ግዛዋ፣ ተልባና የሐኪም ክኒን

ባይፖላር የተባለው የስሜት ሕመም የሰውን መንፈስ ለሳምንታት ወይም ለወራት ከልክ በላይ ከፍ የሚያደርግ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ከአልጋ መነሣት እስኪያቅት ድረስ ዝቅ አድርጎ የሚጥል፣ በሁለቱ መካከልም ታማሚው እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው አርሶ፣ ነግዶና ልጅ አሳድጎ የሚኖርባቸውን ረጅም ጊዜያት የሚሰጥ ተመላላሽ ሕመም ነው። ሐኪሞች ከፍ ያለውን ወቅት ማኒያ፣ ዝቅ ያለውን ድባቴ ይሉታል። በማኒያ ወቅት ታማሚው እንቅልፍ ሳያምረው ሌሊቱን ያነጋል፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ገንዘብ ይበትናል፣ የተለየ ኃይል ወይም ሹመት እንደተሰጠው ያምናል፤ የፎገራ ሜዳ ገበሬ ከሆነም ጥማድ በሬውን በግማሽ ዋጋ ሊሸጥ፣ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ እተክላለሁ ብሎ መሬቱን ለብዙ ዓመት በኮንትራት ሊሰጥ ይችላል። ድባቴው ሲመጣ ያው ሰው ምግብ ይጠላል፣ ከሰው ይሸሻል፣ በሠራው ሁሉ ያፍራል፣ አንዳንዴም ሞቱን እስከ መመኘት ይደርሳል።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚያቀናው መንገድ በሚገነጠልበት መጋጠሚያ የምትገኝ፣ በፎገራ ሜዳ ያለች የደቡብ ጎንደር ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ አንድ የቤተሰብ አባል አእምሮው ሲናወጥ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የሚመክርበት ነገር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ልክፍት ነው ወይስ መድኃኒት ተደርጎበት ነው፣ ጸበል ይግባ ወይስ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ይወሰድ፣ ወይስ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሆስፒታል ይታይ? ብዙ ቤተሰብ ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጦ አይቀመጥም፤ የቀረበውንና የታመነውን አስቀድሞ፣ ሌላውን አስከትሎ ሁሉንም ይሞክራል። ይህ ከጭንቀትና ከፍቅር የሚመነጭ ጥረት ስለሆነ ሊነቀፍ አይገባውም። ሆኖም የዕፅዋት መድኃኒትና የሐኪም ክኒን በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የሚነግረው ሰው ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ አያገኝም።

የሕመሙ ስፋት በኢትዮጵያ የታወቀው በተለይ በቡታጅራ በተደረገው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ከ68,000 በላይ የገጠርና የከተማ ነዋሪዎችን ቤት ለቤት ፈትሸው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያሳትሙ፣ ከባዱ የባይፖላር ዓይነት ከወንዶች 0.6 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 0.3 በመቶ በሚሆኑት ላይ መገኘቱን ገለጹ። ሕመሙ የሚጀምረውም በአማካይ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ሰው ትዳር በሚይዝበትና ኑሮ በሚመሠርትበት ዕድሜ ነበር። ከታማሚዎቹ መካከል በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ የዘመናዊ ሕክምና እርዳታ ፈልጎ የሚያውቀው ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም ከቀሩት ብዙዎቹ ዝም ብለው የተቀመጡ ሰዎች ሳይሆኑ፣ ሕመማቸው በጸበል፣ በጸሎት፣ በሥራ ሥር፣ አንዳንዴም በእግር ብረት የተያዘ ሰዎች ናቸው።

ስለ ዕፅዋቱ ከመነገሩ በፊት አንድ የሕመሙ ጠባይ ግልጽ መሆን አለበት። የማኒያ ወቅት ምንም ሕክምና ባይደረግለትም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ በራሱ ይበርዳል፤ ድባቴውም ብዙውን ጊዜ ከዚያ የሚረዝም ቢሆንም እንዲሁ ይለቃል። ቤተሰብ ደግሞ መፍትሔ አጥብቆ የሚፈልገው ሕመሙ በገነነበት ሰሞን ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን የተሰጠ ማንኛውም ነገር ብዙም ሳይቆይ የሚከተለውን መብረድ ምስጋና ይወስዳል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ በነሐሴ መጨረሻ የተደረገ ማናቸውም ነገር ውኃውን በመስከረም ያጎደለ እንደሚመስለው ማለት ነው። ስለዚህ «እገሌ ሥር አጠጥቶት ዳነ» የሚለው ምስክርነት በቅንነት የተነገረ ቢሆንም፣ ሥሩ ስለመሥራቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ለባይፖላር የሚሰጥ መድኃኒት እውነተኛ መለኪያው የዛሬውን ግርግር ማብረዱ ብቻ ሳይሆን፣ በሚቀጥለው ዓመትና ከዚያም በኋላ ሕመሙ እንዳይመለስ ማድረጉ ነው፤ ይህንን ደግሞ በአንድ ሰሞን ጭስ ወይም በአንድ ሲኒ ጭማቂ ማወቅ አይቻልም። ሐኪሞችም ቢሆኑ ከዚህ ስሕተት የሚድኑት መድኃኒቱን የወሰዱትን ማስመሰያ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት፣ ክኒን ከወሰዱ ሰዎች ጋር እያነጻጸሩ ለረጅም ጊዜ ሲከታተሉ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ ለአእምሮ መናወጥ ከሚታወቁት ዕፅዋት መካከል ግዛዋ ሰፊ ስፍራ አለው። በአጥርና በመንገድ ዳር የሚበቅል፣ ቅጠሉ አመድማ፣ ፍሬው ሲበስል በስስ ከረጢት ውስጥ የሚቀላ ቁጥቋጦ ነው። ለልክፍት ሲታዘዝ የደረቀው ሥር ወይም ቅጠል ይወቀጥና በገል ላይ በተዘረጋ ፍም ይነሰነሳል፤ ታማሚው ጋቢ ተከናንቦ በላዩ ያጎነብሳል፣ ጭሱንም እስኪያልበውና እስኪያስለው ድረስ ይታጠናል። አንዳንድ አዋቂዎች ቀበሪቾ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይጨምሩበታል። መጠኑ በጭብጥና በቁንጥር የሚለካ ስለሆነ ከአዋቂ አዋቂ፣ ከቀን ቀን ይለያያል። የዚህ ዓይነቱ ዕውቀት በቃል ብቻ የቆየ አይደለም፤ ደብተራዎች በብራና የጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ብዙ ናቸው፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹን ስቴፋን ስትሬልሲን የተባሉት የፖላንድ ተወላጅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 በሁለት ቅጽ አሳትመዋቸዋል፤ ዳዊት አበበና አሐዱ አየሁም እ.ኤ.አ. በ1993 የሰሜን ኢትዮጵያን መድኃኒትነት ያላቸው ዕፅዋት በሰፊ መጽሐፍ ሰብስበዋል።

ይኸው ግዛዋ በሕንድ አሽዋጋንዳ ተብሎ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሚገበያዩባቸው መደብሮች ጭምር፣ ጭንቀት ያስታግሳል እየተባለ በእንክብል ይሸጣል። ለባይፖላር ታማሚዎች ስላለው ጥቅም እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሙከራ አለ፦ ታማሚዎቹ 60 ነበሩ፣ ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር ከፊሎቹ በቀን 500 ሚሊግራም የተጨመቀ የሥሩንና የቅጠሉን ዱቄት፣ ከፊሎቹ ማስመሰያ ለስምንት ሳምንት ወሰዱ፤ ዱቄቱን የወሰዱት በአንዳንድ የማስታወስና የማሰብ ፈተናዎች የተሻለ ውጤት አሳዩ። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሙከራው የስሜቱን መዋዠቅ ያስቆማል አላለም፣ ማንም መደበኛ መድኃኒቱን አልተወም፣ የተጠናውም የሚበላ የተመጠነ ዱቄት እንጂ በፍም ላይ የሚነሰነስ ሥር አይደለም። በሌላ በኩል አሽዋጋንዳ የእንቅርት ዕጢን ሆርሞን ከፍ ሊያደርግና በጥቂት ሰዎችም ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል ተመዝግቧል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ከመጠን ማለፍ ራሱ ማኒያን የሚመስል መቅበጥበጥ ስለሚያመጣ፣ የባይፖላር ዋና መድኃኒት የሆነው ሊትየም ደግሞ በተቃራኒው ዕጢውን ስለሚያደክም፣ በዚህ ሕመም የሚሠቃይ ሰው እንክብሉን ሐኪሙ ሳያውቅ ሊጀምር አይገባም።

ዕፅዋት የአእምሮ ሕመምን ሊያክሙ አይችሉም ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ራውዎልፊያ የተባለው የሕንድ ተክል ሥር ለዘመናት ለእብደት ሲሰጥ ኖሮ፣ ሴንና ቦዝ የተባሉ ሁለት የሕንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1931 የአእምሮ መናወጥንም የደም ግፊትንም እንደሚያበርድ በሕክምና መጽሔት ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ሪሰርፒን የተባለው ንጥረ ነገር ከሥሩ ተለይቶ ወጣ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በአሜሪካ የአእምሮ ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ዋለ። ሆኖም አንዳንዶችን ወደ ከባድ ድባቴ ያወርዳል የሚል ስጋት ስለተነሣበትና የደም ግፊትንም ከልክ በላይ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ለአእምሮ ሕክምና መዋሉ ቀረ። የባይፖላር ሕመም አስቸጋሪነት ከዚህ ታሪክ በጉልህ ይታያል፤ ከፍ ያለውን የሚያወርድ ነገር ሰውየውን ወደ ገደሉ ሊጥለው፣ ዝቅ ያለውን የሚያነሣውም ወደ ሰማይ ሊያስፈነጥረው ይችላል።

የሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ አውሮፓውያን ለቀላል ድባቴ የሚጠጡት ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ ቢጫ አበባ ነው። ዘመዱ የሆነው አመጃ ከፎገራ ሜዳ በስተምሥራቅ ከፍ ብሎ በሚታየው በጉና ተራራ ዓይነት ደጋ ይበቅላል፤ የአንዱ ጠባይ የሌላው ነው ማለት ግን አይደለም። የአውሮፓው ተክል ባይፖላር ባለባቸው ሰዎች ላይ ማኒያ እንደቀሰቀሰ በሕክምና መዛግብት ተጽፏል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው፣ ጉበት መድኃኒቶችን የሚያጣራበትን ፍጥነት ስለሚጨምር የወሊድ መከላከያን፣ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ሌሎች ብዙ ክኒኖችን ኃይል ማሳጣቱ ነው። ከባሕር ማዶ ዘመድ «ለጭንቀት ጥሩ ነው» ብሎ የሚልከው የዕፅዋት እንክብል ይህ ሊሆን ስለሚችል፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ለፋርማሲ ባለሙያ ማስነበብ ይገባል።

ለማንም ሰው፣ በተለይ ደግሞ ለዚህ ታማሚ፣ ፈጽሞ ሊሰጥ የማይገባው አስተናግር ነው። በቆሻሻ መጣያና በእርሻ ዳር የሚበቅለው፣ ነጭ የመለከት አበባና እሾሃም የፍሬ ክዳን ያለው ይህ ተክል፣ ፍሬውም ቅጠሉም አፍን የሚያደርቅ፣ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ፣ ልብን የሚያስሮጥና ሰውን የሌለ ነገር እያሳየ የሚያስቀባጥር መርዝ አለው። ለአእምሮ ሕመም ከሚታዘዙት ክኒኖች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ክሎርፕሮማዚንና አሚትሪፕቲሊን፣ በመጠኑም ቢሆን ተመሳሳይ ጠባይ ስላላቸው መርዙ ሲደመርባቸው ሽንት ሊታገድ፣ ትኩሳት ሊያሻቅብ፣ ታማሚው ራሱን ሊስትና ሊሞት ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የዋህ የሆነው ተልባ ነው። በዓለም ላይ ለባይፖላር ከተሞከሩት ተጨማሪ ምግቦች ሁሉ ብዙ የተጠናው ኦሜጋ ሦስት የተባለው የዓሣ ዘይት ሲሆን፣ የተለያዩ ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ ድባቴውን በመጠኑ እንደሚያቃልል፣ በማኒያው ላይ ግን ጥቅም እንደሌለው አሳይተዋል። የተልባ ቅባትም የኦሜጋ ሦስት ወገን ነው፤ ነገር ግን ሰውነት ከተልባ የሚያገኘውን በዓሣ ውስጥ ወዳለው ዓይነት የሚለውጠው በጣም ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ፣ በተልባ ዘይት የተደረገ አንድ የሕፃናትና የወጣቶች ሙከራ ከማስመሰያው የተሻለ ውጤት አላስገኘም። ስለዚህ በጾም ወራት የሚጠጣው የተልባ ብጥብጥም ሆነ ከጣና የሚመጣው አምባዛና ቆሮሶ ለታማሚው እንደ ማንኛውም ሰው ጥሩ ምግብ ነው፤ የሚከለክለው ነገር የለም፣ ክኒን ይተካል ማለት ግን አይደለም። ኤን አሲቲል ሲስቲን የተባለውም ተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 በ75 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ድባቴውን አቃልሏል ከተባለ በኋላ፣ በኋላ የመጡ ሙከራዎች ውጤቱን ሊደግሙት አልቻሉም።

የሐኪሙ ወገን ዋና መድኃኒት ሊትየም ራሱ ከዕፅዋት ሳይሆን ከማዕድን የሚገኝ ጨው ነው። ጆን ኬድ የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ማኒያን እንደሚያበርድ ካስታወቁ ወዲህ፣ ሕመሙ እንዳይመለስ በመከላከልና ራስን ማጥፋትን በመቀነስ የሚወዳደረው አልተገኘም። የሊትየም ማዕድን በጥቂት መጠን በፍል ውኃዎች ስለሚገኝ በአውሮፓና በአሜሪካ «የሊትየም ውኃ» ለጤና እየተባለ የተሸጠበት ዘመን ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዓይነት ውኃ ያለው መጠን ለሕክምና ከሚታዘዘው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለውን የዋንዛዬን ፍል ውኃ የሚጎበኙ ታማሚዎች ከሙቀቱ፣ ከዕረፍቱና ከጸሎቱ የሚያገኙት መጽናናት እውነተኛ ነው፤ እሱ ግን የክኒኑን ሥራ አይሠራም።

ሊትየም በኢትዮጵያ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ መድኃኒት አይደለም። ለዚህ አንዱ ምክንያት በደም ውስጥ ያለው መጠን በላቦራቶሪ እየተለካ መሰጠት ስላለበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 1 ሚሊሞል በሊትር መካከል ሲሆን ያድናል፣ ከ1.5 ሲያልፍ ይመርዛል። ሰውነት ውኃና ጨው ባጣ ቁጥር መጠኑ ያሻቅባል። ከዕፅዋት መድኃኒት ጋር የሚጋጨውም በተለይ እዚህ ላይ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ለኮሶ ትል የሚጠጣው የኮሶ አበባ ሆድን እየጠረገ ውኃ ያሟጥጣል፤ ለማስመለስና ለማስቀመጥ ተብሎ በብዛት የሚጠጣ ጸበል፣ ረጅም ጾም፣ በፀሐይ ሙቀት የሩዝ አጨዳ ላብ፣ ለራስ ምታት የሚወሰደው ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ሊትየም የሚወስድ ሰው እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ከተደናቀፈ፣ ምላሱ ከከበደ፣ ካስመለሰውና ካስቀመጠው መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

በሊትየም ፈንታ የሚሰጡት ቫልፕሮትና ካርባማዜፒን የራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የማይነገራቸውን ሴቶች ይመለከታል። ቫልፕሮት በእርግዝና መጀመሪያ ሲወሰድ የፅንሱን አከርካሪና አንጎል አፈጣጠር ስለሚያበላሽ ልጅ ልትወልድ በምትችል ሴት ላይ ሊጀመር አይገባውም። ካርባማዜፒን ደግሞ የወሊድ መከላከያ ክኒንንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ዘንግ ኃይል ስለሚቀንስ፣ ተከላከልሁ ብላ የምታምን ሴት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች፤ በመርፌ የሚሰጠው ወይም በማሕፀን የሚቀመጠው ይሻላታል። ቫልፕሮት ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ምንነቱና መጠኑ ካልታወቀ የሥር ጭማቂ ጋር መደረቡ አደገኛ ነው። መድኃኒቱ ያስፈራት ሴት በድንገት ብታቆመው ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከክኒናቸው የተቆራረጡ ታማሚዎችም ያለባቸው አደጋ ይኸው ነው።

ከማንኛውም ዕፅ የተሻለ ማስረጃ ያለው የቤት ውስጥ እርዳታ እንቅልፍን መጠበቅ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ አለመተኛት ማኒያን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ለባይፖላር ታማሚ የሌሊት ማኅሌት፣ የለቅሶ ቤት አዳር፣ በበጋ መስኖ ሌሊት ሽንኩርት ማጠጣት እንደ ቀላል የሚታለፉ አይደሉም፤ ቤተሰብ ተራውን ሊወስድለት ይገባል። ጫት እንቅልፍ የሚነሣና አንጎልን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ስላለው ለዚህ ሕመም ጠላት ነው፣ አረቄም ድባቴውን ያጠልቃል፤ ሁለቱም ከዕፅዋት የሚገኙ መሆናቸው የዋህ አያደርጋቸውም።

መድኃኒት አዋቂውና ሐኪሙ እንዲተዋወቁ ማድረግ ሕልም አይደለም። በአዲስ አበባ የጸበል አገልጋዮችና የአእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው፣ ጸበልተኛው ጸበሉን ሳያቋርጥ ክኒኑንም የሚወስድበት አሠራር ሥራ ላይ ውሎ ተጠንቷል። በጋና ኩማሲና በናይጄሪያ ኢባዳን በ307 የአእምሮ ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሙከራ ደግሞ፣ ባህላዊ አዋቂዎችና የመንፈሳዊ ፈውስ ሰጪዎች ከጤና ባለሙያዎች ጋር በጋራ የያዟቸው ታማሚዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ የተሻለ ጤና ማግኘታቸውን አሳይቷል፤ በዚያ አሠራር የጤና ባለሙያው አዋቂው ዘንድ እየሄደ ታማሚውን ያያል፣ ክኒን ያዝዛል፣ አዋቂውም ታማሚውን ከማሠርና ከማስራብ ይቆጠባል። በወረታ ዙሪያም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አዋቂዎቹን በስም ያውቋቸዋል፣ ቤታቸውንም ያውቁታል። ታማሚው ወደ አዋቂው ሲሄድ የክኒኑን ፓኬት፣ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ደግሞ የሚጠጣውን ወይም የሚታጠነውን ሥር ቁራጭ ይዞ ቢቀርብ፣ ሁለቱም ወገኖች ስለ አንድ ሰው መነጋገር የሚጀምሩት ከዚያ ነው።